ሲያዘነብሉት የሚቀያየር ሥዕል፦ ስለ ሌንቲኩላር ሕትመት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሌንቲኩላር በየግል የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ አንድ ላይ ብንጨርሰው ይሻላል። የምሠራው ደሴ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ የፒች ሙከራ፣ ማለትም የሌንሶቹን ትክክለኛ ልክ የምናገኝበትን ሙከራ፣ ሳትሠሩ ከደንበኛ ቀብድ አትቀበሉ። ጠይቁ።

ከኮምቦልቻ፣ ቀለም ሻጭ፦ ጋሼ፣ ነገሩን ከሥሩ ቢያስረዱን? በየቤቱ የተሰቀለው፣ ከዕባ ሆኖ ዞር ሲሉ መዲና የሚሆነው ሥዕል ነው?

መልስ፦ እሱው ነው። እመቤታችን ሆና ዞር ሲሉ መድኃኔዓለም የሚታይበትም፣ ልጆች የሚገዙት ማስመሪያም ያው ነው። ፊቱን በጥፍርህ ፈግፍገው፣ ክርር ይላል። እነዚያ መስመሮች እያንዳንዳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጉ ቀጫጭን ሌንሶች ናቸው። ሥዕሉ ያለው ከጀርባ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ሥዕሎች በቀጫጭኑ ይሸነትራቸውና አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እያለ ይደረድራቸዋል። በእያንዳንዱ ሌንስ ሥር የሁለቱም ቁራጭ አለ። ከአንዱ ማዕዘን ስታይ ሌንሱ የአንዱን ቁራጭ ብቻ አጉልቶ ያሳይሃል፤ ስታዘነብለው የሌላውን። ግራና ቀኝ ዓይንህ የተለያየ ቁራጭ ሲያዩ ደግሞ ጥልቀት ይመጣል፤ 3ዲ የምንለው ያ ነው። ለማስታወቂያ መዋል ከጀመረም ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 የአሜሪካ ምርጫ የአይዘንሃወር ደጋፊዎች ደረታቸው ላይ የሚሰኩት ባጅ እንዲህ ነበር፤ ሲያዘነብሉት ጽሑፉ ጠፍቶ የሰውየው ፊት ይመጣል።

ከወልዲያ፦ ሆሎግራም ማለት ነዋ?

መልስ፦ አይደለም። ሆሎግራም በብርሃን ሞገድ የሚሠራ ሌላ ሙያ ነው። ይሄ ተራ ቀለምና ሌንስ ነው።

ከደሴ፣ ማተሚያ ቤት፦ ጋሼ፣ 60 ኤልፒአይ የሌንስ ሉህ ገዝቼ ፋይሉን 60 ላይ አድርጌ አተምኩ። ሰፋፊ ሰረዝ እየመጣ፣ ግማሹ ላይ አንዱ፣ ግማሹ ላይ ሌላው ምስል ይታየኛል። ፎቶው ይሆን ችግሩ?

መልስ፦ አብሽር፣ ፎቶህ ደህና ነው። የፒች ሙከራ ሳትሠራ ነው ያተምከው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 60 ኤልፒአይ በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የሌንስ ብዛት ነው፤ ግን መጠሪያ እንጂ ትክክለኛ ልክ አይደለም። እውነተኛው 60.2 ወይም 59.9 ሊሆን ይችላል። ፕሪንተርህም የራሱ መዛነፍ አለው። ሰው የሚያይበት ርቀትም ቁጥሩን ይቀይረዋል።

እንዲህ አድርግ። ጥቁርና ነጭ ቀጫጭን መስመሮችን ከ59.5 ጀምረህ በ0.1 እየጨመርክ እስከ 60.5 በየረድፉ አትም። ሉሁን ከላይ አስቀምጥ፤ መስመሩ ከሌንሱ ጋር ቀጥ ብሎ ይግጠም። ደንበኛህ በሚያይበት ርቀት ሁን፣ አንድ ዓይንህን ጨፍን፣ ቀስ ብለህ አዘንብል። አብዛኛው ረድፍ ዝንጉርጉር ይሆናል። አንዱ ረድፍ ግን ከዳር እስከ ዳር በአንዴ ይጠቁራል፣ ከዚያ በአንዴ ይነጣል። ቁጥርህ ያ ነው።

ሙቀቱንም ቁጠርበት። ጠዋት በደሴ ብርድ ለክተህ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ወርደህ የምትለጥፍ ከሆነ ልኩ አይገጥምህም። የሙቀት ልዩነቱ 10 ዲግሪ ከሆነ የአንድ ሜትር ሉህ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ሊለጠጥ ይችላል። የ60 አንዷ ሌንስ ስፋቷ ደግሞ 0.42 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዳር ስትደርስ አንድ ሙሉ ሌንስ ስተሃል ማለት ነው። ሉሁንም ወረቀቱንም የሚለጠፉበት ክፍል ውስጥ አሳድራቸው።

ከባቲ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ስንት ፍሬ? በምን መጠን? ስንት ምስል? ይህን ሳትነግረኝ ዋጋ የለም።

ከሐይቅ፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፦ ጋሼ፣ ለእንግዶቼ ባለ 3ዲ ፖስትካርድ ማሠራት እፈልጋለሁ። ላሊበላን ላድርግ ወይስ ሐይቃችንን?

ከላስታ፦ ይሄም ይጠየቃል? ቤተ ጊዮርጊስ ነዋ!

ከሐይቅ፣ ሌላ አባል፦ ላሊበላንማ ዓለም አውቆታል። ጠዋት ጉሙ ከሐይቁ ላይ ሲነሳ አይተህ ታውቃለህ?

ከደሴ፦ ኸረ የጦሳን ተራራ አትርሱ!

ከላስታ፦ ጦሳን ከደሴ ሰው በቀር ማን ያውቀዋል ወንድሜ?

ከደሴ፦ ስለማይታወቅ አይደል እንዴ ፖስትካርድ የሚያስፈልገው?

መልስ፦ ይህን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቆዩልኝ። እህቴ፣ የሚያስፈልግሽ ጥልቀት ያለው ቦታ ነው። ሐይቁ ለጥ ያለ ስለሆነ ብቻውን ጥልቀት አይወጣውም። ከፊት ሸምበቆ፣ መሃል ላይ ጀልባ፣ ከኋላ ተራራውን ካስገባሽበት ሸጋ ይሆናል። ቤተ ጊዮርጊስ ግን ለ3ዲ የተሠራ ነው የሚመስለው። ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነውና ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመሽ ስታነሺው መጀመሪያ የቋጥኙ ጠርዝ ይመጣል። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች። ከዚያ ወደ 12 ሜትር ዝቅ ብሎ ወለሉ። ካርዱን ያዘነበለ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል።

ፎቶውን ስታነሺ ካሜራውን በሐዲድ ላይ ወደ ጎን ብቻ እያንሸራተትሽ ተከታታይ አድርጊው። ብዛቱ የሚወሰነው በማሽኑ ነው። በኢንች 720 ነጥብ የሚያትም ማሽን በ60 ሌንስ ሲካፈል 12 ምስል ይደርሰዋል። ከዚያ በላይ ካጨቅሽበት ይደፈርሳል። በእጅ ለሚያዝ ካርድ ግን ደቃቅ ሌንስ፣ 75 ወይም 100፣ ይሻልሻል፤ ስሌቱንም በዚያው አስተካክይ። ለ3ዲ ሌንሱ የቆመ ይሁን፣ ዓይኖቻችን ጎን ለጎን ናቸውና። ለሚቀያየር ምስል ደግሞ ሌንሱን አጋድሚው፤ አለበለዚያ አንዱ ዓይን አንዱን፣ ሌላው ሌላውን እያየ ይደባለቃል። ደግሞም ፒች ሳያስሞክር የሚያትምልሽ ሰው ጋ እንዳትሄጂ።

ከባቲ፦ ለቢዝነስ ካርድ ነው። ዋጋው ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ብዛቱን አሁንም አልነገርከኝም። 50 ካርድና 5,000 ካርድ አንድ ዋጋ የላቸውም።

ከኮምቦልቻ፣ ቀለም ሻጭ፦ ቤት ሳይቀባና ከተቀባ በኋላ ባሳይስ?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ይህ ሕትመት ዋጋ የሚያወጣው ለውጥ ለሚሸጥ ሰው ነው። ካሜራውን በእግሩ አቁመህ ከቀለም በፊትም በኋላም ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት አንሳ። በርና መስኮቱ አንዲት ነጥብ እንኳ እንዳይነቃነቅ፣ ቀለሙ ብቻ ይቀየር። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ አንዱ ምስል ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ከሆነ የአንዱ ጥላ በሌላው ላይ ይቀራል። ድፍን ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር ጽሑፍ አታስቀምጥ።

ከደሴ፣ የማስታወቂያ ሥራ፦ ለአደባባይ ቢልቦርድስ?

መልስ፦ ለመኪና መንገድ አልመክርህም። ለሩቅ የሚሆነው ከ10 እስከ 20 ኤልፒአይ ያለው ሉህ ወፍራም፣ ከባድና ውድ ነው። ሰው በእግሩ በቅርብ የሚያልፍበት ኮሪደር፣ ደረጃ ወይም መናኸሪያ ይሻልሃል። ሥራው ምን ድረስ እንደሚሄድ ማየት ከፈለግህ ስፔን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን እይ። አናር የተባለ ለሕፃናት የቆመ ድርጅት ነው ያሠራው። ከፍ ካለ ቁመት የሚያይ አዋቂ የአንድ ልጅ ፊትና የማሳሰቢያ ጽሑፍ ያያል። ዝቅ ካለ ቁመት የሚያይ ሕፃን ግን ያው ፊት ላይ የድብደባ ቁስል ያያል፤ የሚጎዳህ ሰው ካለ ደውልልን የሚል ጽሑፍና 116 111 የሚል ስልክ ቁጥርም። በዳዩ እጁን ይዞት ቢቆም እንኳ ቁጥሩን አያየውም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሙያዬን እወደዋለሁ።

ከከሚሴ፦ በዚህ ዘመን ስክሪን አይሻልም?

ከወልዲያ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ከከሚሴ፦ ጄኔሬተር አለ።

ከወልዲያ፦ ናፍጣውን አንተ ትከፍላለህ?

መልስ፦ ማስታወቂያው በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ስክሪን። ዓመት ሙሉ አንድ መልእክት ከሆነ ይሄ። በቃ፣ እንለፍ።

ከቦረና፣ ማር ነጋዴ፦ ማሬን አስመስለው የሚሸጡ አሉ። ማሸጊያው ላይ ብለጥፈው ይከላከልልኛል?

መልስ፦ ይረዳሃል። ስካነርና ፎቶ ኮፒ ከአንድ ማዕዘን ብቻ ስለሚያዩ መቀያየሩን መቅዳት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የ100 ዶላር ኖት ላይ ያለው ሰማያዊ ጥብጣብም በደቃቅ ሌንሶች ነው የሚሠራው፤ ሲያዘነብሉት ጥብጣቡ ላይ ያለው የደወል ሥዕል ወደ 100 ቁጥር ይቀየራል። ላንተ ክዳኑ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ስቲከር ይበቃል። ሲከፈት የሚቀደድ ይሁን፤ አለበለዚያ ባዶ ጣሳህን ሰብስበው ሌላ ማር ይሞሉበታል።

ከከሚሴ፦ ምን ዓይነት ምስል ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ? እንዲህ ተድበስብሶ ለተጠየቀ መልስ የለኝም።

ከደሴ፣ ማተሚያ ቤት፦ ጋሼ፣ ሙከራውን ሠራሁት። 60.3 ላይ ያለው ረድፍ በአንዴ ጠቆረ! ሰረዙም ጠፋ።

መልስ፦ ጎሽ! ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ በማርከር ጻፈው፤ ያየህበትን ርቀትና የፕሪንተሩን ስምም ጨምርበት። አዲስ ካርቶን ስትከፍት፣ ያው አምራች ቢሆንም፣ እንደገና ሞክር።