አፕል በቀጋ ላይ ይዳቀላል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦ «ከአራት ዓመት በፊት አራት የአፕል ችግኝ ተከልኩ። ሁለቱ ደረቁ። አንዱ እንደቀጨጨ ቀረ። አንዱ ግን ደህና አድጎ አምና በአበባ ተንቆጠቆጠ፤ ፍሬ ግን አንድም አልያዘም። የግቢዬ አጥር ዙሪያውን ቀጋ ነው፤ ውርጭም ድርቅም አይበግረውም። ከጓሮ ደግሞ አባቴ የተከሉት ኮሶ አለ። ኮሌጅ የምትማረው ልጄ አፕልም፣ ቀጋም፣ ኮሶም የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ የጽጌረዳ ቤተሰብ ይባላሉ አለችኝ። ዘመዳሞች ከሆኑ አፕሉን በቀጋው ወይም በኮሶው ላይ ባዳቅለው ይይዛል? በደረቁት ጉድጓድስ ሌላ አፕል ልትከል?»

ጋሼ፣ ልጅዎ ትክክል ናት። አፕሉ ግን አይይዝም። በቀጋውም በኮሶውም አይይዝም። ምክንያቱን ካየን የቀሩት ጥያቄዎችዎም አብረው ስለሚፈቱ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ዘር ልቆጥር ነው።

መጀመሪያ ዝምድናውን በዓይንዎ ይዩት። የቀጋ ቅርንጫፍ ቀንጥበው የቅጠሉ እግር ከግንዱ የሚጣበቅበትን ቦታ ይመልከቱ። በግራና በቀኝ እንደ ጆሮ ያለ ቀጭን ክንፍ አለ፤ ከቅጠሉ እግር ጋር ተሰፍቷል። አሁን ወደ ኮሶው ይሂዱ። ያው ክንፍ ተለቅ ብሎ ግንዱን እንደ ነጠላ አቅፎት ያገኙታል። ቅጠሉም እንደ ቀጋው ነው፤ በአንድ ዘንግ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተሰደረ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሰረሰረ። አንዱ እሾሃም ቁጥቋጦ፣ ሌላው ትልቅ ዛፍ ነው፤ ቅጠላቸው ግን ወንድምነታቸውን ያወራል።

አበባቸው ላይ ኮሶው ትንሽ ያደናግራል። የቀጋው አበባ አምስት ነጭ ቅጠል አለው፤ መሐሉ ላይ ብዛት ያላቸው ብጫ ክሮች ክብ ሠርተው ቆመዋል። የአፕሉም አምስት ቅጠል ነው፣ ክሮቹም ወደ 20 ይጠጋሉ። የኮኩም እንደዚያው። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ዕፅዋትን በመደብ ሲመድብ እነዚህን ያሰባሰበው ክሮቹን ቆጥሮና የበቀሉበትን ቦታ አይቶ ነው። ኮሶ ግን ንብ የሚጠራ ሰፊ ቅጠል የለውም። ደቃቅ አበባዎቹ ተጠጋግተው እንደ ዘለላ ይንጠለጠላሉ፤ ወንዱና ሴቱም ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ቀላ ብሎ ከሩቅ የሚታየው፣ ለኮሶ ትል መድኃኒት ሲለቀም የኖረውም የሴቱ ነው። የእርስዎ ወንድ ይሁን ሴት አልነገሩኝም።

ቤተሰቡ ትልቅ ነው። ወደ 90 የሚጠጉ ወገኖችና ከ2,500 በላይ ዝርያዎች አሉት። እንጆሪ፣ ኮክ፣ ፕሪም፣ ወሽመላ፣ በየደኑ የምናውቀው ጥቁር እንጨት ሁሉ የዚህ ቤት ልጆች ናቸው። ይህን ያህል ሰው ያለበት ቤት ውስጥ «ዘመድ ነው» ብሎ ማቆም አይበቃም። ስንት ቤት ይራራቃሉ መባል አለበት።

እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን አይደል? አትክልት ላይም መቁጠሩ አለ። ችግሩ አንድ ቃል ሁለት ሥራ መያዙ ነው። የአንዱን አበባ ዱቄት ለሌላው አበባ መስጠትንም ማዳቀል እንለዋለን፤ ቀንበጥ ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ ገጥሞ ማሰርንም ማዳቀል እንለዋለን። የመጀመሪያው ጋብቻ ነው። ሁለተኛው ከአንድ ማዕድ መብላት ነው፤ ከታች ያለው ሥር የሳበውን ውሃና ምግብ ከላይ ያለው ይቀበላል፣ ከላይ ያለው ቅጠል የሠራውን ስኳር ሥሩ ይቀበላል። ለዚህ ደግሞ ሩቅ ዘመድ አይሆንም። ከቅርፊቱ ሥር ያለችው አረንጓዴ ስስ ንጣፍ ከንጣፍ ጋር ተጣብቃ አዲስ የውሃ መስመር መዘርጋት አለባት። አፕል በአፕል ላይ ይህን ያለ ችግር ያደርጋል። ፒር የሚባለው የአፕል ዘመድ ደግሞ ኩዊንስ በሚባለው የቅርብ ዘመዱ ላይ ይይዛል፤ አውሮፓ ውስጥ የታወቀ አሠራር ነው። ከዚያ ሲርቅ ነገሩ ይበላሻል።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ሞክሬዋለሁ። አፕል በቀጋ ላይ አስሬ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ቅጠል ወጣ። ለጓደኞቼ ያላወራሁት ወሬ አልነበረም። በአምስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ጠወለገ። ፕላስቲኩን ስፈታው ቀንበጡ እንደ ክዳን ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። ያ ቅጠል ቀንበጡ ውስጥ የነበረው ስንቅ ነበር እንጂ ቀጋው ያበላው አልነበረም። እርስዎም ቢሞክሩ ይህችን ቅጠል ያያሉ፤ እንዳትሸውድዎት።

ታዲያ አፕልና ቀጋ ስንት ቤት ይራራቃሉ? ድሮ ሊቃውንቱ ይህን ቤተሰብ በፍሬው ዓይነት አራት ቦታ ይከፍሉት ነበር። ነገሩ ቢላዋ ከያዙ ይገባል። አፕሉን በአግድሙ ይቁረጡት፤ መሐሉ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይታያል። እውነተኛው ፍሬ ያ ኮከብ ነው። የምንበላው ሥጋ የአበባው መቀመጫ አብጦ ነው። ቀጋውን ሲሰነጥቁት ደግሞ ቀይ ጽዋ ነው፤ ውስጡ ጸጉራም ፍሬዎች ታጭቀዋል። እረኛ ሆነው ያደጉ ከሆነ ያ ጸጉር ጉሮሮ እንዴት እንደሚያሳክክ ለእርስዎ አልነግርም። ኮክ አንድ ጠንካራ ዘር በሥጋ የተከበበ ነው። የፈረንጁ እንጆሪ ከሁሉም ይገርማል፤ ላዩ ላይ ዘር የሚመስሉት ነጠብጣቦች ናቸው ፍሬዎቹ፣ ቀዩ ሥጋ የአበባው ወንበር ነው። የእኛ የዱር እንጆሪ ግን ጥቃቅን ኮኮች እንደ ዶቃ የተሰበሰቡበት ነው። ሁለቱንም እንጆሪ ብለን መጥራታችን ልክ አይደለም ለማለት አይደለም፤ የአንድ ክንፍ ልጆች ስለሆኑ ብዙም አልሳትንም።

በኋላ ዘረ መል ማንበብ ሲቻል የፍሬው አከፋፈል ፈረሰ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ አመዳደብ ሦስት ክንፍ ብቻ አስቀረ። በአንደኛው ክንፍ ጽጌረዳ፣ ቀጋ፣ እንጆሪና ኮሶ አሉ። በሌላው ክንፍ አፕል፣ ፒር፣ ወሽመላ፣ ኮክ፣ ፕሪምና ጥቁር እንጨት አሉ። ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ እኛ አገር የለም። እንደ ባቄላ ሥሩ ላይ ናይትሮጅን የሚያጠራቅሙ ቁጥቋጦዎች ያሉበት ነው። እንግዲህ ኮሶው ለቀጋው ይቀርባል፤ አፕሉ ደግሞ ለኮኩ ይቀርባል። አፕልና ቀጋ ከተለያዩ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ፍሎሪሳንት በተባለ ቦታ 34 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የጽጌረዳ ቅጠል ድንጋይ ላይ ታትሞ ተገኝቷል፤ ያኔ እንኳ ጽጌረዳ ራሱን ችሎ ነበር።

የአፕል ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረ መሉ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ጥቅል፣ ነገር ደግሞ አለላችሁ። እኔ በጣም የምወደው ታሪክ ነው። የቀጋና የእንጆሪ መሠረት ቁጥር 7 ነው። የኮክ 8 ነው። ሌሎች የቤተሰቡ ቁጥቋጦዎች 9 አላቸው። አፕል ግን 17 ነው። 8 እና 9 ሲደመር 17 ነዋ! ስለዚህ ለብዙ ዓመት የአፕል አያት ኮክ መሰል ዛፍና ባለ 9 ቁጥቋጦ ተጋብተው የወለዱት ነው ተባለ። ሒሳቡ ያምራል። ግን ትክክል አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ጎልደን ዴሊሸስ የሚባለው አፕል ዘረ መሉ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ የታየው ሌላ ነው። ባለ 9 የሆነ አንድ አያት ሁለንተናውን በእጥፍ ገልብጦ 18 ሆነ፤ ከዚያ ክሮሞዞሞቹ ተሰብረውና ተጣብቀው 17 ቀሩ። በተደመረ ቁጥር ዘመድ አይገኝም ማለት ነው።

የምንበላው አፕል መነሻው መካከለኛው እስያ ነው፤ የካዛክስታን ቲያንሻን ተራሮች። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1929 እ.ኤ.አ. አልማ አታ አጠገብ የዱር አፕል ደን አይቶ የአፕል አገር ይህ ነው አለ። ይኸው ሰውዬ በ1927 እ.ኤ.አ. እኛ አገር መጥቶ ስንዴና ገብስ ሲሰበስብ ነበር። አፕል ከእስያ ብርድ የመጣ ስለሆነ ከእንቅልፉ ነቅቶ ለማበብ በቂ ብርድ ማግኘት ይፈልጋል። እኛ ደጋ ላይ የሚሆኑልን ብርድ የማያበዙት ናቸው። ለምሳሌ አና የምንለው እስራኤል ውስጥ የወጣ ዝርያ ነው፤ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ከባሃማስ ደሴቶች ነው።

አሁን ወደ አበባው እንምጣ። ዛፍዎ አብቦ ፍሬ ያልያዘው ባለጌ ሆኖ አይደለም። አፕል ባብዛኛው የራሱን አበባ ዱቄት አይቀበልም። ዱቄቱ የአበባው ሴቴ ክፍል ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ክሩን ወደ ታች ማብቀል ይጀምራል፣ የራሱ ዘር መሆኑ ሲታወቅ ግን መሐል መንገድ ላይ ይታገዳል። ጋብቻ ላይ አፕል እንደኛው ነው፤ ቤት ይቆጥራል። አንድ መቶ የአና ዛፍ ቢተክሉም ሁሉም ከአንድ ዛፍ ቀንበጥ የተባዙ ስለሆኑ እንደ አንድ ሰው ናቸው። ኮክ እንዲህ አይደለም፤ አብዛኛው ራሱን በራሱ ያፀንሳል። ለዚህ ነው አንድ ኮክ ብቻውን ጓሮ ቆሞ የሚያፈራው።

ስለዚህ ያለዎት አና ከሆነ አጠገቡ ዶርሴት ጎልደን ይትከሉ፤ ሁለቱ በአንድ ሰሞን ስለሚያብቡ ይስማማሉ። እስኪያድግ ድረስ ዘንድሮን ዝም ብለው አያሳልፉ። ሌላ ዝርያ ያለው ጎረቤት ካለ፣ አበባው ሊፈነዳ ያለ ቅርንጫፍ ይለምኑት። ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ነክረው ከዛፍዎ ቅርንጫፎች መሐል ያንጠልጥሉት። ንብ የቀረውን ትጨርሳለች። አበባ ባለበት ሰሞን ግን መድኃኒት አይርጩ፤ ንቧን ገድለው ፍሬ መጠበቅ አይሆንም። ለዘለቄታው ደግሞ ከዚያው ጎረቤት ቀንበጥ ወስደው በራስዎ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ማዳቀል ይችላሉ። አፕል በአፕል ላይ ስለሆነ ይይዛል።

ማዳቀሉን ከፈለጉ ከታች የሚሆነው ሥር ኤምኤም 106 ወይም ኤምኤም 111 የሚባለው ነው። ጨንቻ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች እነዚህን በደንብ ያውቋቸዋል። እንግሊዝ አገር የወጡ ናቸው፤ የተመረጡትም ነጭ ጥጥ የመሰለው የአፕል ቅማል ሥሩን እንዳይጨርሰው ነው። 106 ውሃ የሚቋጥር መሬት አይወድም፤ አንገቱ ላይ ይበሰብሳል። የደረቁት ሁለቱ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ከነበሩ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። ሲተክሉ የተዳቀለበት ቋጠሮ ከአፈር በላይ አንድ ጋት ከፍ ይበል። ከተቀበረ ከላይ ያለው አፕል የራሱን ሥር ያወጣና የመረጡት ሥር ከንቱ ይቀራል።

የደረቁበት ጉድጓድ ላይ አፕል አይትከሉ። አፕል በአፕል እግር ሲተካ አዲሱ ይቀጭጫል፤ በየአገሩ የታወቀ ነገር ነው። የአሮጌውን ሥር የለመዱት የአፈር ሻጋታዎችና ትሎች ለጋውን ሥር ጠብቀው ይበሉታል። ጽጌረዳ የሚያመርቱም ይህንኑ ችግር ያውቁታል። ጉድጓዱን ለገብስ ወይም ለባቄላ ይልቀቁት፣ አፕሉን ራቅ አድርገው አዲስ መሬት ላይ ይትከሉ።

ቀጋው ይኑር። አጥርነቱ አይናቅም፤ ንብም ይቀልባል። ማዳቀል ካማረዎት ደግሞ ጽጌረዳ ይሞክሩበት፤ የጽጌረዳ እርሻዎችም ቢሆኑ አበባቸውን በጠንካራ የጽጌረዳ ሥር ላይ ነው የሚያዳቅሉት። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፤ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ሻጋታ ካዩ ኮክ ካለዎት ያ ሻጋታ ወደ ኮኩም ይሻገራል። ለዚህ ለዚህ ዝምድናው ቅርብ ነው! ታሞ ያዩትን ቅርንጫፍ ቆርጠው ያቃጥሉት።

ኮክ በጥቁር እንጨት ላይ ይሆን እንደሆነ ልጅዎ መጠየቋ አይቀርም። ሁለቱ ከአፕልና ከቀጋ ይልቅ በጣም ይቀራረባሉ፤ የጥቁር እንጨት ቅጠል ሲታሽ የኮክ ፍሬ ውስጥ ያለውን የመረረ ዘር ይሸታል። ግን ጥቁር እንጨት ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ኮክ ቅጠሉን የሚያራግፍ ነው። በሌላ አገር ኮክ ቼሪ ላይ እንኳ እሺ አይልም፤ ፕሪም ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይይዛል። ያ የመረረ ዘር ሽታ የመርዝ ምልክት ነው፤ የተቆረጠና የጠወለገ የኮክ ቅጠል ከብት እንዳይበላ ከጓሮ ያስወግዱ፤ ልጆችም ዘሩን ፈልፍለው እንዳይበሉ።

የአባትዎን ኮሶ አይንኩብኝ። አፕሉን ግን ከጥላው ያርቁት። የቀጨጨውን ችግኝ በሚቀጥለው ጊዜ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ የተዳቀለበት ቋጠሮ እንዲታይ ከሥሩ ያለውን አፈር ጠረግ ያድርጉልኝ።