መልስ፦ ሳልቫዶር ላይ ምን ልብላ፣ ምን ልጠጣ?

ወንድሜ፣ ብራዚል ሳልቫዶር ስሄድ ምን ልብላ፣ ምን ልጠጣ ላልከው፣ አካራዤ በሚባለው የተጠበሰ የመንገድ ምግብ ጀምር። ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ ጠምጥመው መንገድ ዳር የሚሸጡ ሴቶች አታጣም። ቦሎቄ የሚመስል ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ሊጡ በቀይ የፓልም ዘይት ይጠበሳል። ከዚያ መሃሉን ሰንጥቀው ቫታፓ የሚባል ወፍራም ማባያና ደረቅ ሽሪምፕ ይሞሉበታል። ሽሪምፕ ካልበላህ ቫታፓውንም ተወው፤ ውስጡ ተፈጭቶ አለ። በርበሬ ይጨመር ወይ ሲሉህ "እኔ ሐበሻ ነኝ" ብለህ አትኩራራ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቅመስ። ዘይቱም ላልለመደ ሆድ ይከብዳል፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ይበቃሃል።

ለምሳ ሞኬካ እዘዝ። ዓሣ ከኮኮናት ወተት፣ ከቲማቲምና ከዚያው ቀይ ዘይት ጋር ተሠርቶ፣ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል። ብዙ ቦታ አንዱ ለሁለት ሰው ስለሚበቃ ከማዘዝህ በፊት ጠይቅ። ብር መቆጠብ ከፈለግክ ምግብ በኪሎ መዝነው የሚያስከፍሉ ቤቶች አሉ፤ እንደ እኔ ለምሳ ከእነሱ የሚሻል የለም።

ባሕር ዳር ቀዝቃዛ ኮኮናት ጠጣ። በከሰል የተጠበሰ አይብ በእንጨት ሰክተው ሲያዞሩ ካየህ አትለፈው። ካይፒሪኛ ከሚባለው መጠጥ ግን ተጠንቀቅ፤ ስኳርና ሎሚው ይሸፍነዋል እንጂ ውስጡ ያለው ካሻሳ የሸንኮራ አረቄ ነው፣ ፀሐይ ላይ ይጥልሃል። ውሃ የታሸገ ግዛ።

ባሕር ዳር ወንበር ላይ፣ ጥላ ሥር ከመቀመጥህ በፊት ዋጋ ተነጋገር። ምግብ ቤት ሂሳብ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ከተጨመረ ሌላ ቲፕ አይጠበቅብህም።