ጥሩ የጥርስ ክሊኒክ በምን ይታወቃል? ስለ እናትሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እናትሽን የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ሌሊት ሌሊት ያማቸዋል፣ ስኳርም አለባቸው። አንዱ ክሊኒክ «ይነቀል» አለ፣ ሌላው ደግሞ «ሥሩ ይታከም» ብሎ ብዙ እጥፍ ዋጋ ጠራ። የቱን እንመን፣ ድሬዳዋ ላይ ጥሩ ክሊኒክስ በምን ይለያል ነው ያልሽው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እዚሁ ከተማ የጥርስ ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ወንበሩ ዘመናዊ ነው፣ ግድግዳው ያበራል ብለሽ አትወስኚ። እኔ ክሊኒክን የምለካው መርፌው ከመወጋቱ በፊት በሚጠየቀውና ጥርሱ ከወጣ በኋላ በሚነገረው ነው።

የሁለቱ ሐኪሞች ሐሳብ መለያየቱ አያስደንግጥሽ። ዋናው ነገር ራጅ ተነስተዋል ወይ ነው። ሥሩን የያዘው አጥንት ምን ያህል እንደቀረ፣ ጫፉ ላይ መግል እንዳለ በመስታወትና በመብራት ብቻ አይታይም። ጥርሱ ካልተነቃነቀና ከላይ የቀረው በቂ ከሆነ ማትረፍ ይሻላል። አጥንቱ ተበልቶ ከሆነ ግን ለሥር ሕክምና የምትከፍሉት ብር ይባክናል። ብዙ ሰው የማይነገረው ነገርም አለ፦ ሥሩ የታከመ መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ክራውን፣ ማለትም ከላይ የሚለብሰው ቆብ፣ ያስፈልገዋል፣ አለበለዚያ ሲታኘክበት ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ዋጋ ስትጠይቂ የክራውኑንም ጨምረው ይንገሩሽ። ራጅ ሳያይ «ይነቀል» ያለሽ ካለ ሌላ ቦታ አሳዪ።

እስከዚያው አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝተሽ አትስጫቸው። ነርቩ ተቆጥቶ የሚያመውን ጥርስ አንቲባዮቲክ አያስታግሰውም፤ እብጠትና ትኩሳት ሲኖር ሐኪሙ ራሱ ያዛል። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ክፋት የለውም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ድዱን ያቃጥለዋል፤ ነጭ ሆኖ ተልጦ የመጣ ድድ ብዙ አይቻለሁ።

ወደ እናትሽ ስኳር ልምጣ። ካርድ ወጥቶ ቀጥታ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ቤት ለእሳቸው አይሆንም። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ተወግተው ምን እንደተሰማቸው፣ ደም ቶሎ ይቆምላቸው እንደሆነ ሊጠየቁ ይገባል። ስኳራቸውና ግፊታቸው እዚያው ይለካ። ግፊቱ 180 በ110 ከደረሰ አስቸኳይ ያልሆነ ሥራ ይቀጠራል፤ ሌላ ቀን ኑ ቢሏችሁ ቅር አይበላችሁ፣ መልካም ሐኪም ነው ያገኛችሁት። ለደም ምርመራ የሚሄዱ መስሏቸው ጾማቸውን የሚመጡ የስኳር ሕሙማን አሉ፤ ወንበሩ ላይ ስኳራቸው ወርዶ ያላባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። እናትሽ ቁርሳቸውን በልተው፣ መድኃኒታቸውን እንደ ወትሮው ወስደው፣ በጠዋት ይሂዱ። ለልብ ተብሎ የታዘዘ አስፕሪን ካለም በራሳችሁ አታቋርጡት።

በጠዋት ያልኩት ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። እናትሽ ይቅሙ አይቅሙ አልጻፍሽም፣ ግን ለሌሎቻችሁም ይጠቅማልና ልናገረው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብ ያስመታል፣ ግፊት ይጨምራል። ጥርስ የሚደነዝዝበት ሊዶካይን ደግሞ ብዙ ጊዜ አድሬናሊን ተቀላቅሎበት ይመጣል፤ እሱም ልብን ያፋጥናል። ከምሳ በኋላ ቅሞ መጥቶ «ዛሬ አልቃምኩም» የሚል ሰው ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ሰው ግን የሚደብቀው ስለሚያፍር ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ጥሩ ባለሙያ ሳይገሥጽ፣ ፊቱን ሳያጠቁር፣ ስለ ጫት የሚጠይቅ ነው። በሽተኛው በሚገባው ቋንቋም መሆን አለበት። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ብቻ የሚችሉ እናት አንገታቸውን ስለነቀነቁ ገባቸው ማለት አይደለም።

የመሣሪያውን ንጽሕና መጠየቅ ነውር የለውም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደርቆ እንኳ መሣሪያ ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። መቀቀል አይበቃም፤ ድሬ ከባሕር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው። ኦቶክሌቭ የሚባለው በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን ግን በግፊት 121 ወይም 134 ዲግሪ አድርሶ የሚፈለገውን ደቂቃ ያቆየዋል። መሣሪያው በታሸገ ፓኬት መጥቶ ፊታችሁ ይከፈት፤ ፓኬቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ቀይሮ እንደሆነ እዩ። መቦርቦሪያውም እንደዚያው፣ በአልኮል ተጠርጎ ብቻ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው መግባት የለበትም። እኔ ሁሌ የምጠይቀው ጥያቄ «መብራት ሲጠፋባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚል ነው። መሃል ላይ የተቋረጠ ኦቶክሌቭ ከመጀመሪያው መጀመር አለበት። «ጄኔሬተር አለን» ወይም «እንደገና እናስገባዋለን» ያለሽ ሠራተኛ ሥራውን ያውቃል።

ከተነቀለ ደግሞ ቁስሉ ላይ የሚደረገውን ጨርቅ (ጎዙን) ለ30 ደቂቃ ያህል ነክሰው ይያዙ። ለ24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ በኃይል አይትፉ፣ በስትሮ አይጠጡ፤ የረጋው ደም ከቦታው ከወጣ አጥንቱ ይራቆታል። ከማግስቱ ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ አድርገው ያለቅልቁ። ብዙዎች «በሌላው ጉንጬ ልቃም?» ይሉኛል። አይሆንም፣ ቁስሉ እስኪያገግም ጫትም ሲጋራም ይቅር። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ወደ ጆሮ እየወጣ ከባሰ ማስታገሻ እየዋጡ አይቆዩ፣ ወደ ነቀለው ሐኪም ይመለሱ፤ ያጥበዋል፣ መድኃኒት ያስቀምጥበታል። ለዚህ ነው ከመውጣታችሁ በፊት ስልክ ቁጥር ያልሰጣችሁን ክሊኒክ የማልወደው።

ከአገጫቸው ሥር እብጠት ከታየ፣ አፋቸውን መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃታቸው ግን ክሊኒክ እስኪከፈት አትጠብቂ፤ በዚያው ሌሊት ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ቶሎ ይከፋል። ራጁን ካነሳችሁ በኋላ ምን እንዳሏችሁ እዚሁ ጻፊልኝ።