አሸዋው ሲመጣ ይውረዱ

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። በነሐሴ በሰፎክ የባሕር ዳርቻ፣ 42 ቁጥር በሚባለው የብስክሌት መስመር ልሄድ አስቤያለሁ። ያለኝ ጎማው ቀጭን የሆነ የከተማ ብስክሌት ነው። ዳገት ደግሞ እፈራለሁ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ዳገቱን ይርሱት። አገሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ማርሽ ቀይረው ያልፉታል። ሰው የሚያስመርሩት ነፋሱና አሸዋው ናቸው። ሁለቱም አስተምረውኛል።

መጀመሪያ የሄድኩት ከሰሜን ወደ ደቡብ ነበር። እዚያ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ፊት ፊቴን ሲለኝ ዋለ። እርስዎ በባቡር ሄደው ሳክስመንድሃም ይውረዱና በአቅራቢያው ካለችው ከስኔፕ መንደር ይጀምሩ። በሌይስተንና በደንዊች በኩል ብራምፊልድ ሲደርሱ መስመሩ ያልቃል። የሄልስዎርዝ ባቡር ጣቢያ ከዚያ ቅርብ ነው።

መንገዱ በአብዛኛው ጭር ያለ የገጠር አስፋልት ስለሆነ ለጎማዎ አይስጉ። ሌይስተን አካባቢ ግን ጠንቀቅ ነው፤ የሳይዝዌል ሲ ኑክሌር ማመንጫ ግንባታ ከባድ መኪና ያመጣል።

ፈተናው ያለው ደንዊች ሂዝ በሚባለው አሸዋማ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳውን የሸፈነው ሄዘር የሚሉት ቁጥቋጦ የአስታ ዘመድ ነው፤ ቁመቱ ግን ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። በነሐሴ ሜዳው ሐምራዊ ይለብሳል። በመሃሉ ጎርስ የሚባል፣ አበባው ቢጫ የሆነ እሾሃም ተክል አለ። እኔ ይህን አይቼ አላስቻለኝም፤ ከአስፋልቱ ወጣሁ። ሃያ ሜትር ሳልሄድ የፊት ጎማዬ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። በመሪው ላይ አልፌ ወደቅሁ። ያረፍኩት ጎርሱ ላይ ነው! እሾሁን ከመዳፌ ስነቅል ውሻቸውን የሚያናፍሱ አንዲት አሮጊት «ይሄ እኮ የእግረኛ መንገድ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእንግሊዝ ብስክሌት የሚፈቀደው በፈረስ መንገድ ነው እንጂ በእግረኛ መንገድ አይደለም። ስለዚህ ብስክሌቱን ይቆልፉና በእግርዎ ይግቡ።

ደንዊች መንደርን ዝም ብለው አይለፉት። በመካከለኛው ዘመን ትልቅ ወደብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1286 እና በ1328 የተነሡ ማዕበሎች ወደቡን አበላሹት፤ የቀረውን ባሕሩ ቀስ እያለ በላው። እንዲያም ሆኖ ያቺ ጥቂት ሰው የቀረባት መንደር እስከ 1832 ድረስ ሁለት የፓርላማ ተወካዮች ትልክ ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የማንም አገር ምርጫ አይገርመኝም።

መለዋወጫ የውስጥ ጎማ ሁለት ይያዙ። አንዱ ለጎርሱ ነው።