የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጎማ ላይ የተጻፈው 200 ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ አሜሪካውያን አማተሮች በኮን በተከለለ ሰፊ አስፋልት ላይ ሰዓት እየተያዘላቸው የሚወዳደሩበትን ኦቶክሮስ በቪዲዮ እከታተላለሁ። በቀደሙት ቪዲዮዎች የሚታየው ጎማ ጥርስ የለውም ሊባል ጥቂት የቀረው ነበር፤ በአሁኖቹ ግን ተራ የመንገድ ጎማ ይመስላል። ለምን ተለወጠ? 200 የሚል ቁጥር ያለበትን ጎማ ለቪትዜ ብገዛስ ይጠቅመኛል?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ለውጡን የጀመረው የውድድሩ ደንብ ነው፤ የጎማ ፋብሪካዎች ደንቡን ተከተሉ። በኦቶክሮስ አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ደቂቃ ስለማይበልጥ ጎማው ለመሞቅ ፋታ የለውም፤ ስለዚህ ገና ከመነሻው አስፋልቱን የሚይዝ ለስላሳ ላስቲክ ምንጊዜም ተፈላጊ ነበር። ለረጅም ዓመታት ይህን ፍላጎት ያሟሉት በሕግ ለመንገድ የተፈቀዱ፣ በተግባር ግን የውድድር የሆኑ ጎማዎች ናቸው፤ የሁዚየር ኩባንያ «ኤ» እያለ የሚሰይማቸውና የጥርስ ዕድሜ ቁጥራቸው (ጥርሱ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚገምተው፣ እርስዎ 200 ብለው ያነሱት ዓይነት ቁጥር) 40 የሆነው ጎማዎች ከእነዚህ መካከል የታወቁ ናቸው። ጥርስ ያለው ጎማ የሚገጥሙትም ቢሆኑ፣ ጥርሱ በኩርባ ላይ እየተጣመመ መሪው እንዳይላላባቸው አዲሱን ጎማ በማሽን ያስልጡት ነበር። ገና ያልተነዳ ጎማ ማስላጥ ለእኛ አገር ባለመኪና የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ለስላሳው ላስቲክ ከማለቁም በላይ ደጋግሞ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እየደረቀ የመያዝ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ለማሸነፍ የሚሻ ሰው ቶሎ ቶሎ አዲስ ጎማ መግዛት ነበረበት። የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ማሻሻያ ያልተደረገላቸው መኪኖች የሚወዳደሩበትን ምድብ ወደ መንገድ ጎማ አዞረ፤ ዝቅተኛው የጥርስ ዕድሜ ቁጥርም መጀመሪያ 140፣ ኋላም 200 ሆነ።

ቁጥሩ የሚገኘው ጎማው በቴክሳስ መንገዶች 7,200 ማይል፣ ማለትም 11,600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከማነጻጸሪያ ጎማ ጋር ተነድቶ ነው። ማነጻጸሪያው 100 ስለሆነ፣ 200 የተጻፈበት እጥፍ ይቆያል ተብሎ ይገመታል። ይሁንና ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕድሜ እንጂ አስፋልት ስለ መያዝ አይደለም። ፋብሪካዎቹ ይህን ክፍተት ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው ብሪጅስቶን አርኢ-71አር 200 ተጽፎበት ከቀደሙት ባለ 200 ጎማዎች በግልጽ ፈጠነ፤ በዚያው ልክ ቶሎ አለቀ። ከእሱ ወዲህ ዮኮሃማ ኤ052ን የመሳሰሉት በዚያው መንገድ ሄደዋል። ስለዚህ በቪዲዮ ያዩት «ተራ ጎማ» ተራ አይደለም፤ ወጪውም እንደታሰበው አልቀነሰም ባይ ነኝ።

ወደ እርስዎ ቪትዝ ስንመለስ፣ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። በኮን መካከል ሰዓት የሚቆጥብልዎ ከሞተሩ ይልቅ ጎማው ነው ማለት ነው። ሆኖም በ14 ኢንች ቸርኬ ልክ የሚሠራ ባለ 200 ጎማ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ውኃ የሚያሳልፍ ቦዩ ጠባብ በመሆኑ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውኃ በተኛበት አስፋልት ላይ በፍጥነት ቢነዱት ይንሳፈፋል። በቀትር ፀሐይ ደግሞ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ አሜሪካውያኑም በዙሮች መካከል ውኃ የሚረጩበት ለዚሁ ነው፤ የገበሬ መድኃኒት መርጫ ለዚህ ይበቃል። ስለዚህ ለዕለት መንገድ አልመክርዎትም፤ ከፈለጉትም በትርፍ ቸርኬ አስገጥመው ለብቻ ያስቀምጡት።

ያለዎትን ጎማ ግን በነጻ ማሻሻል ይችላሉ። መጀመሪያ በጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ የምርት ቁጥር ይመልከቱ፤ 2323 ማለት በ2023 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው፤ ያረጀ ላስቲክ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ድርቅ ያለ ነው። ከዚያ ከጥርሱ ጫፍ እስከ ጎኑ ድረስ ከሊስትሮ በተገኘ ነጭ ቀለም መስመር ያስምሩና ትራፊክ በሌለበት የተከለለ ሜዳ ኩርባዎችን ይንዱ። ቀለሙ ከጥርሱ ጠርዝ አልፎ ጎኑ ላይ ከተፋቀ ንፋሱ ያንሳል፤ ጠርዙ ጋ ሳይደርስ ከቀረ በዝቷል፤ በየሙከራው 2 ፒኤስአይ ያህል እየጨመሩ ወይም እየቀነሱ ያስተካክሉት፤ ወደ ቤት ሲመለሱ ግን በበሩ ፍሬም ላይ ወደተጻፈው ልክ ይመልሱት።