መልስ፦ የአልቡሚን ውጤት በሁለት ላቦራቶሪ ለምን ተለያየ?

የእናትዎ አልቡሚን (በደም ውስጥ ያለ ዋና ፕሮቲን) በአንድ ቀን በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለው ላቦራቶሪ 3.6፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ደግሞ 3.1 ግራም በዴሲሊትር መውጣቱ የግድ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። አልቡሚንን ለመለካት የሚያገለግለው ብሮሞክሬሶል ግሪን የተባለው ቀለም ከአልቡሚን ሌላ ግሎቡሊኖችንም (ሌሎች የደም ፕሮቲኖችን) በከፊል ስለሚይዝ፣ ብሮሞክሬሶል ፐርፕል በተባለው ሌላ ቀለም ከሚሠራው ዘዴ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁለቱም በየትኛው እንደሚሠሩ አስቀድመው ይጠይቁ። ክንድ ላይ የታሰረው ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየም ፈሳሹ ከደም ሥር እየወጣ የፕሮቲኑ መጠን ከፍ ይላል (ላስቲኩን አስረን ቱቦ ፍለጋ ስንዞር ይህን የምንዘነጋ ባለሙያዎች ጥቂት አይደለንም)። የላቦራቶሪውን ብቃት በይበልጥ የሚያሳየው የውጭ ጥራት ምዘና ነው፦ አንድ ዓይነት ናሙና ለብዙ ላቦራቶሪዎች ይላክና የእያንዳንዱ ውጤት ተመሳሳይ ዘዴ ከሚጠቀሙት አማካይ ጋር ይነጻጸራል። የልዩነቱ ምክንያት እስኪጣራ ድረስ የእናትዎን ክትትል በአንዱ ላቦራቶሪ ብቻ ያስቀጥሉ።