ሥነ ጽሑፍንና ሕክምናን በአንድ ላይ በዶክትሬት መማር ለምትፈልገው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘሽ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ እንደምታስተምሪ ገልጸሻል። ሕመምንና ሕክምናን ከሥነ ጽሑፍ ጋር አጣምሮ የሚያጠና፣ ወጪው የተሸፈነ የዶክትሬት ትምህርት ይገኝ እንደሆነ፣ የጤና ትምህርት አለመማርሽም እንቅፋት ይሆንብሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ በዚህ መስክ ውጭ አገር ተምሬ ተመልሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ለማመልከት የተነሡ ባልደረቦቼን ጽሑፍ ሳነብ ቆይቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ እንቅፋት አይሆንብሽም። ሜዲካል ሂውማኒቲስ፣ ማለትም ሕመምንና ሕክምናን በሥነ ጽሑፍ፣ በታሪክና በፍልስፍና ዓይን የሚያጠናው መስክ ሲባል ብዙ ሰው የሐኪሞች ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁለት በር ያለው ቤት ነው። ሪታ ቻሮን የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው፤ ታካሚዎቻቸው የሚነግሯቸውን በሚገባ ለመስማት ብለው ሥነ ጽሑፍ ተማሩ፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬታቸውን ያዙ። እሳቸው ከሕክምናው በር ገቡ፤ አንቺ ከሥነ ጽሑፉ በር ትገቢያለሽ። ከአንቺ የሚጠበቀው ጽሑፍን አቅርቦ የማንበብ ችሎታ ነው፤ ማን ይተርካል፣ ለማን ይተርካል፣ ጊዜው እንዴት ይጓዛል፣ ምን ተዘለለ የሚለውን ማየት። ፕሮፖዛልሽ ላይ ግማሽ ሐኪም ለመምሰል ከሞከርሽ ግን ሁለቱም ወገን ይታዘብሻል። ብዙ ጥሩ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሲወድቁ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሚያውቁትን ትተው የማያውቁትን ነው የጻፉት።

አሁን ወደ ፍለጋው። የመስኩን ስም ብቻ ይዘሽ ብትፈልጊ የምታገኚው ጥቂት ነው። በቴክሳስ ጋልቨስተን ያለው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በዚህ መስክ ዶክትሬት ሲሰጥ ቆይቷል። በፍለጋሽ መጀመሪያ የሚመጣልሽ የኮሎምቢያው ናራቲቭ ሜዲስን (የታካሚን ትረካ በሚገባ ሰምቶ ማከምን የሚያስተምረው) ግን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው፤ ዶክትሬት ብለሽ አትድከሚበት። በዚህ መስክ ከሚመረቁት አብዛኞቹ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ወይም በንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ተመዝግበው ነው፤ ጥናታቸውን ወደ ሕክምናው የሚያስጠጋው ርእሱና አማካሪው ነው። ስለዚህ ሰው ፈልጊ። በቅርብ ዓመታት ስለ ወረርሽኝ፣ ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ አካል ጉዳት ወይም ስለ ሞት በሥነ ጽሑፍ ዓይን የጻፉ መምህራንን ጽሑፍ አንብቢ፤ ከዚያ የት ክፍል እንደሚያስተምሩ ተመልከቺ።

በእንግሊዝ የደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሜዲካል ሂውማኒቲስ ተቋም ቀዳሚ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2022 የጤና ምርምርን በገንዘብ በሚደግፈው በዌልካም ትረስት ገንዘብ “ሂሪንግ ዘ ቮይስ” (ድምፁን መስማት) የተባለ ትልቅ ጥናት አካሂዷል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ስለሚሰሙ ሰዎች የሥነ ልቡና፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የፍልስፍናና የሃይማኖት ታሪክ ሰዎች አብረው ሠርተዋል። እንዲያውም በኤድንበርግ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ላይ የተገኙ ደራሲያንን የገጸ ባሕርያታቸውን ድምፅ ይሰሙ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይህን ሳነብ ወዲያው የታሰበኝ የእኛው አገር ነው። ዛር፣ ጅኒ፣ የሕልም ድምፅ እኛ ጋ በየቤቱ የሚተረክ ነገር ነው፤ ያንን ትረካ እንደ ትረካ አክብሮ የሚያነብ ባለሙያ ግን እጅግ ያስፈልገናል። ከአፍሪካ ደግሞ በጆሃንስበርግ የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መስክ ስለሠሩ እነሱንም ተመልከቺ።

የገንዘቡ ጉዳይ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ወጪው ተሸፍኗል ሲሉሽም ምኑ ምኑ እንደተሸፈነ መጠየቅ አለብሽ። በአሜሪካ በታወቁት ዩኒቨርሲቲዎች ለሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት የተቀበሉትን ተማሪ የትምህርት ክፍያ ትተው የኑሮ ድጎማ መስጠት የተለመደ ነው፤ በምላሹ ጥቂት ዓመት ታስተምሪያለሽ። ጊዜው አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮርስና ፈተና ናቸው። በእንግሊዝ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጥናትሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። እዚያ የምርምር ምክር ቤቶች ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ለውጭ አገር ተማሪም ክፍት ነው፤ ነገር ግን የሚሸፍነው የአገሩ ተማሪ የሚከፍለውን ያህል ነው። በውጭ ተማሪና በአገሬው ተማሪ ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት ዩኒቨርሲቲው ይተውልሽ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። በስዊድንና በኖርዌይ የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ነው፤ ቦታው እንደ ማንኛውም የሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ርእሱ ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነ ነው።

ጊዜሽን ከማይሆን ነገር ላይ እንዳታጠፊ፦ የኮመንዌልዝ የነጻ ትምህርት ዕድል ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች አይመለከትሽም፤ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ብቻ ነው። በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለመማር የሚሰጠው ጌትስ ኬምብሪጅ የተባለው የነጻ ትምህርት ዕድል ለዶክትሬት ከእንግሊዝ ውጭ ላለ ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ነው፤ ውድድሩ ብርቱ ቢሆንም ሞክሪው።

ከሁሉ በላይ ላሰምርበት የምፈልገው ግን ይህ ነው። ርእስሽን ከውጭ አታምጪ። በጅማ የምትኖሪ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ሆነሽ በለንደን ልብ ወለድ ውስጥ ስላለ የሳንባ ነቀርሳ ብትጽፊ ይህን ከአንቺ የተሻለ የሚጽፍ ብዙ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋሕደው ሲመሠረት ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መለያው አድርጎ ነው። ተማሪዎቹ ገጠር ወጥተው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ። ያ ሁሉ ጥያቄና መልስ፣ ያ ሁሉ ሪፖርት የትረካ ሀብት ነው።

አንድ ያየሁትን ልጥቀስ። ፈቃድ አግኝቼ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ሕመማቸው መቼ እንደጀመረ በኦሮምኛ ተጠየቁ። “ቡናው ሲለቀም” አሉ። ከዚያ ቡናው ዋጋ ማጣቱን፣ ልጃቸው ወደ ከተማ መሄዱን፣ እንቅልፍ መራቁን ተረኩ፤ ራስ ምታቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተማሪው ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈ፦ ራስ ምታት፣ ለሦስት ወር። ከዚያ ከባልደረባው ጋር በአማርኛ ተወያየ። ተማሪው አላጠፋም፤ ካርዱ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለእኛ ግን አንድ ታሪክ በሦስት ቋንቋ ሲያልፍ ምን ቀረ፣ መነሻው ለምን ከቡናው ወደ ራስ ምታቱ ተዛወረ የሚለው ራሱን የቻለ የዶክትሬት ጥያቄ ነው። ደርሃም ቁጭ ብሎ ይህን የሚያገኝ ሰው የለም።

የጽሑፍ ቅርስ ከመረጥሽም ምንጩ አይነጥፍም። በግዕዝ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍትና ክታቦች አሉ፤ የፈውስ ታሪክ የሞላባቸው የተአምር መጻሕፍት አሉ፤ በዚህ አካባቢ ፈውስ የሚለመንበት መንዙማ አለ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠልበት ልማድ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ የመጣ ነው፤ ሰው ያንን ወረርሽኝ እንዴት እንዳስታወሰና እንዴት እንደተረከ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይሞላል። ለታሪኩ ዳራ የሪቻርድ ፓንክረስትን የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ መግቢያ አንብቢ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ነው።

ከታካሚ ጋር የምትሠሪ ከሆነ ሌላ የሥነ ጽሑፍ ሰው የማያስበውን ነገር አስቢ፦ የጥናት ሥነ ምግባር ፈቃድ። ከሁለት ወገን ያስፈልግሻል፤ ከምትማሪበት ዩኒቨርሲቲና ጥናቱ ከሚካሄድበት ተቋም። የፈቃደኝነት መጠየቂያው ታካሚው በሚናገረው ቋንቋ መዘጋጀት አለበት፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በቃል የሚነበብለት ሆኖ። ይህን በፕሮፖዛሉ ላይ በአንድ አንቀጽ ብታሳዪ አንባቢው ሥራውን እንደምታውቂው ወዲያው ይረዳል። የሰው ሕመም በእጅሽ ስለሚገባ ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ለአማካሪ ስትጽፊ ደብዳቤሽ አጭር ይሁን። ማን እንደሆንሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ጥያቄሽን በሦስት፣ የእሳቸው የትኛው ጽሑፍ ከጥያቄሽ ጋር እንደሚገናኝ በሁለት። ዐሥር ሰው ጋ አንድ ዓይነት ደብዳቤ መላክ ይታወቃል። መልስ ከዘገየ ከሁለት ሳምንት በኋላ በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም።

የአሜሪካ ማመልከቻ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የናሙና ጽሑፍ ይጠይቁሻል፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናትሽን አንድ ምዕራፍ አሳጥረሽ እንደገና ጻፊው እንጂ እንዳለ አትላኪው። የማመልከቻ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ከዚህ ሆኖ መክፈል ያስቸግራል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ቀነ ገደቡ ከመድረሱ በፊት ምክንያቱን ጽፎ ለጠየቀ ክፍያውን ይተዋሉ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን መምህራን ክረምቱ ሳይገባ አናግሪ፤ የትምህርት ማስረጃሽንም ከሬጅስትራር በጊዜ አስወጪ፤ መስከረም ላይ ሰልፉ ይበዛል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህርት ስለሆንሽ የትምህርት ፈቃድ ስትወስጂ ተመልሰሽ የምታገለግይበትን ውል ትፈርሚያለሽ፤ ዓመቱንና ዋሱን ከመፈረምሽ በፊት በደንብ አንብቢው። የፕሮፖዛልሽን የመጀመሪያ ገጽ ከጻፍሽ በኋላ ላኪልኝ፤ በደስታ አነብልሻለሁ።